ስቲከሩ 1200 ዋት ይላል

መርካቶ ወርዳችሁ ስፒከር የገዛችሁ ታውቁታላችሁ። ማግኔቱ ጀርባ ላይ የሚያብረቀርቅ ስቲከር አለ፤ 1000 ዋት፣ 1200 ዋት፣ አንዳንዴም 2500 ዋት ይላል። ከዚያ ውጭ ምንም የለም። ፋብሪካው አይታወቅም፣ የቴክኒክ መግለጫ ወረቀት የለውም፣ የሞዴል ቁጥሩን ኢንተርኔት ላይ ብትፈልጉት የሚወጣ ነገር የለም። ሻጩን ብትጠይቁት ጣቱን ስቲከሩ ላይ አድርጎ «ይኸው ተጽፎ የለ!» ይላችኋል።

እዚህ ቻናል ላይ የምንነታረከው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ትልልቅ ቁጥሮች ነው። ስለ ዕድገት፣ ስለ ዋጋ ንረት፣ ስለ በጀት። እነዚያን አንድ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ልለካቸው ቢል አይችልም፤ ወይ ያምናል ወይ አያምንም። ዛሬ ግን ማንም ሰው በቴስተር፣ በሞባይል፣ በአሮጌ አምፕሊፋየርና በሁለት ሬዚስተር ቤቱ ሊለካው ስለሚችል ቁጥር ልጽፍ ነው። ረዘም ይላል፤ ቡና እየጠጣችሁ አንብቡት።

ሰፈራችን ውስጥ አንድ ልጅ አለ። ተመርቆ ሁለት ዓመት ሥራ ሲፈልግ ቆየና በመጨረሻ ለሠርግ፣ ለልደትና ለምርቃት ድምፅ ላከራይ ብሎ ተነሣ። እናቱ እቁብ ሲወጣላቸው ገንዘቡን ለእሱ ሰጡት። በእሱ አራት ባለ 12 ኢንች ዉፈር ገዛ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ ብር በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ የት እንደደረሰ ለእናንተ አልነግርም። አራቱም ላይ አንድ ዓይነት ስቲከር ተለጥፏል፤ 1200 ዋት።

አንድ ቅዳሜ ከነዕቃው ቤቴ መጣ። ብዙ ዓመት ፊዚክስ አስተምሬያለሁ፤ በትርፍ ጊዜዬ ሬዲዮና ቴፕ እንደምነካካ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። «ጋሼ፣ ሳጥኑን በስንት በስንት ላስቆርጠው?» አለኝ። አናጢው ቀድሞ ነግሮታል። ሌላ ቦታ ያየውን ሞንታርቦ አስታውሶ መጠኑን በእጁ አሳየው፤ ፊት ለፊቱ ላይ ሁለት ትልልቅ ቀዳዳ ይኖረዋል አለው። «ቀዳዳ የሌለው ሳጥን አይጮህም» ነው የአናጢው ሃይማኖት። ቺፑዱ ሊገዛ፣ ሊቆረጥ፣ በኮላ ሊጣበቅ ነው። አንዴ ከተጣበቀ ደግሞ አይመለስም።

ስፒከሩን ራሱን እንጠይቀው አልኩት።

ስፒከር ብቻውን ግማሽ ዕቃ ነው። ኮኑ ወደ ፊት ሲገፋ ከፊቱ ያለው አየር ይጨመቃል፣ ከኋላው ያለው ይሳሳል። ሁለቱ ዞረው ከተገናኙ ይጣፋሉ፤ ባዶውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ ብታጫውቱት ቤዝ የማይኖረው ለዚህ ነው። ሳጥኑ የሚሠራው የኋላውን ለማፈን ነው። ችግሩ ግን የታፈነ አየር ዝም ብሎ አይቀመጥም። ኮኑ ሲመጣበት ይገፋዋል፣ ሲሄድ ይስበዋል፤ እንደ ሞላ ነው። ጠባብ ሳጥን ጠንካራ ሞላ ነው፣ ሰፊ ሳጥን ለስላሳ ሞላ። ስለዚህ «ትክክለኛው ሳጥን ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ ስፒከሩ ራሱ ምን ዓይነት ሞላና ምን ዓይነት ክብደት እንዳለው ሳይታወቅ መልስ የለውም። አናጢው መልስ የሰጠው ለሌላ ስፒከር ነው።

ይህን ነገር ከግምት አውጥቶ ወደ ሒሳብ ያመጣው ኔቪል ቲል የሚባል አውስትራሊያዊ መሐንዲስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ቀዳዳ ስላላቸው የስፒከር ሳጥኖች የጻፈው ጽሑፍ እዚያው አውስትራሊያ ውስጥ ታተመ። ብዙ ሰው ያነበበው ግን ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1971 የአሜሪካው የኦዲዮ መሐንዲሶች ማኅበር መጽሔት መልሶ ሲያወጣው ነው። ሪቻርድ ስሞል ደግሞ በሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ሥራውን አስፍቶ በ1972 እና በ1973 በተከታታይ አሳተመ። ዛሬ በዓለም ላይ ማንኛውም የሚያከብር ፋብሪካ ከስፒከሩ ጋር የሚያወጣው የቁጥር ዝርዝር በሁለቱ ሰዎች ስም የቲል–ስሞል መለኪያዎች ይባላል። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ቁጥሮቹ መኖራቸው አይደለም፤ ስፒከሩ ሳይፈታ፣ ከኋላው ካሉት ሁለት የሽቦ ጫፎች ብቻ መገኘታቸው ነው።

እንዴት? ስፒከር ሞተር ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ሞተር ጄኔሬተርም ነው። ኮይሉ በማግኔቱ ውስጥ ሲንቀሳቀስ የራሱን ቮልቴጅ ያመነጫል፣ የሚመጣውንም ኤሌክትሪክ ይቃወማል። ብዙ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ብዙ ይቃወማል። እያንዳንዱ ስፒከር ደግሞ እንደ ዥዋዥዌ የራሱ የሆነ ተፈጥሯዊ ምት አለው፤ በዚያ ፍሪኩዌንሲ ላይ በትንሽ ግፊት ብዙ ይወዛወዛል። ስለዚህ ፍሪኩዌንሲውን ቀስ በቀስ እየቀየራችሁ ተቃውሞውን በኦም ብታነቡ፣ አንድ ቦታ ላይ ተራራ ሠርቶ ታገኙታላችሁ። የተራራው ቦታ፣ ቁመትና ስፋት ስለ ስፒከሩ ሁሉንም ይናገራል ማለት ይቻላል።

ወደ ሥራው። መጀመሪያ የቴስተሩን ሁለት ገመዶች እርስ በርስ አገናኘን፤ 0.5 ኦም አነበበ። ይህ የገመዱ ነው። ስፒከሩ ላይ ስናደርገው 3.9 አለ። ስለዚህ የኮይሉ የራሱ 3.4 ኦም ነው። (ይህችን መቀነስ የሚረሳ ሰው ቀጥሎ ያለው ሒሳብ በሙሉ ይበላሽበታል፤ ከ3.4 ላይ 0.5 ትንሽ ነገር አይደለም።)

ከዚያ ሞባይሉ ላይ የድምፅ ምት የሚያመነጭ ነፃ አፕ ጫንን። ከሞባይሉ ወደ አሮጌ አምፕሊፋየር፣ ከአምፕሊፋየሩ በ1000 ኦም ሬዚስተር በኩል ወደ ስፒከሩ። ሬዚስተሩ ከስፒከሩ እጅግ ስለሚበልጥ፣ ስፒከሩ ምንም ቢያደርግ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ እኩል ነው ማለት ይቻላል። መጀመሪያ በስፒከሩ ቦታ ባለ 10 ኦም ሬዚስተር አስገብተን ቴስተሩ 100 ሚሊቮልት እስኪያነብ ድረስ ቮሊዩሙን አስተካከልን። ከዚያ በኋላ ቮሊዩሙን መንካት ክልክል ነው። ሬዚስተሩን አውጥተን ስፒከሩን መለስን፤ አሁን ቴስተሩ የሚያነበውን ሚሊቮልት በ10 ስታካፍሉት ኦም ይሆናል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በየሱቁ ያለው ርካሹ ቢጫ ቴስተር ለኤሲ ቮልቴጅ ከ200 ቮልት በታች መደብ ስለሌለው ለዚህ አይሆንም። 2 ቮልት ወይም ሚሊቮልት በኤሲ የሚያነብ ያስፈልጋል፤ ተውሶም ቢሆን።

ስፒከሩን ጠረጴዛ ላይ አትድፉት፤ አቁሙት፣ ከግድግዳም አርቁት። አዲስ ከሆነ ደግሞ ከመለካቱ በፊት ጥቂት ሰዓት በዝግታ አጫውቱት፤ ጨርቁና ጎማው ሲላላ ቁጥሩ ይቀየራል። ጎረቤት አይረበሽም። ይህን በሚያህል ጥቂት ኤሌክትሪክ የሚሰማው ድምፅ እዚያው ክፍል ውስጥ ይቀራል። እኛን የረበሸን መብራቱ ነው፤ ሁለት ጊዜ ጠፋ፣ ሁለት ጊዜ ከ10 ኦሙ ጀመርን።

የተራራው ጫፍ 38 ኸርዝ ላይ ተገኘ፤ ቁመቱ 30.6 ኦም። 30.6 ለ3.4 ሲካፈል 9 ነው። የ9 ካሬ ሥር 3 ነው። አሁን 3 ጊዜ 3.4፣ ማለትም 10.2 ኦም የሚነበብባቸውን ሁለት ቦታዎች በተራራው ግራና ቀኝ እንፈልጋለን። በግራ 29.3 ኸርዝ፣ በቀኝ 49.3 ኸርዝ። እዚህ ላይ ልጁን የደስ ደስ ያለው ማረጋገጫ አሳየሁት፦ ሁለቱን አባዝተህ ካሬ ሥሩን ውሰድ። ወደ 38 ተመለሰ። ካልተመለሰ ልኬቱ ተሳስቷል ማለት ነው፤ ቁጥሩ ራሱ ራሱን ይመሰክራል።

በሁለቱ መካከል ያለው ስፋት 20 ኸርዝ ነው። 38 ጊዜ 3፣ ለ20 ሲካፈል 5.7። ይህ ጨርቁና ጎማው ብቻቸውን ኮኑን ምን ያህል እንደሚያረግቡት ይናገራል። ይህንኑ 5.7 ለ8 (ከ9 አንድ ተቀንሶ) ስናካፍለው 0.71፤ ይህ ማግኔቱና ኮይሉ የሚያረግቡት ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሠሩ 0.63 ይሆናሉ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ቁጥር ብቻ አስታውሱ ብትሉኝ ይህን 0.63 እመርጣለሁ።

ምን ማለት ነው? አሞርዛተሩ ያለቀ ሚኒባስ አስቡ። ጉድጓድ ከዘለለ በኋላ ሦስት አራት ጊዜ ይነጥራል። አሞርዛተሩ አዲስ የሆነ አንዴ ዝቅ ብሎ ዝም ይላል። ቁጥሩ ትልቅ ሲሆን ስፒከሩ እንደ መጀመሪያው ሚኒባስ ነው፤ ራሱን ማቆም ያቅተዋል። ጠንካራ ማግኔት ያለው ስፒከር 0.3 ወይም 0.4 አካባቢ ይሆናል፤ እንዲህ ያለው ቀዳዳ ያለው ሳጥን ይወዳል። ከ0.5 በላይ የሆነ ግን ድፍን ሳጥን ይሻለዋል። የኛው 0.63 ነው። አናጢው ባሰበው ባለ ሁለት ቀዳዳ ሳጥን ውስጥ ብንከተው ሁሉም ዘፈን ላይ አንድ ዓይነት «ዱምምም» የሚል፣ ክራሩንም ኪቦርዱንም የሚውጥ ነገር ይወጣ ነበር። ይህን ድምፅ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከግማሽ በላይ የሠርግ ድንኳን ውስጥ ያለው እሱ ነው። ሰዉ «ቤዙ ከባድ ነው» እያለ ያደንቀዋል፤ ለእኔ ግን ያልቆመ ሚኒባስ ነው።

ቀጥሎ ክብደቱ። ልጆች የሚጫወቱበትን ባለቀለም ሊጥ ወርቅ ቤት ወስዶ በሚዛን አስመዝኖ መጣ፤ አሥር አሥር ግራም የሆኑ አራት ቁራጮች። ወርቅ ሠሪው ምን ይሉት ነገር ነው ብሎ ስቆበታል። 40 ግራሙን መሐል ላይ ባለው ቆብ ዙሪያ ለጥፈን እንደገና ስንለካ 38 የነበረው ወደ 32 ኸርዝ ወረደ። 38 ለ32፣ ሲካፈል 1.1875፤ በራሱ ሲባዛ 1.41፤ አንድ ሲቀነስ 0.41፤ 40 ለ0.41 ሲካፈል ደግሞ 97.5 ግራም ገደማ። የሚንቀሳቀሰው አካል ክብደት ይህ ነው። ክብደቱና ምቱ ከታወቀ የሞላው ጥንካሬ ይታወቃል። የኮኑ ስፋት ሲጨመርበት (ከጎማው መሐል እስከ ጎማው መሐል 25.6 ሳንቲ ሜትር ነበር) የመጨረሻው ቁጥር ይወጣል፦ የስፒከሩ ሞላ ከስንት ሊትር አየር ጋር እኩል ይላላል?

በየፕሮግራሙ ውስጥ ያለው ቀመር 67.6 ሊትር ነው አለ። ልጁ ጻፈ። እኔ አስጠፋሁት።

እዚህ ላይ ነገሩ የእኛ ይሆናል። ያ ቀመር የተሠራው ለባሕር ወለል አየር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,355 ሜትር ላይ ናት፤ የአየር ግፊታችን ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ቢሆን ነው። ውኃ በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ገደማ የሚፈላልን በዚሁ ምክንያት ነው። የአየር ሞላነት ደግሞ የሚመጣው ከግፊቱ ነው። ቀጭን አየር ለስላሳ ሞላ ነው። ስለዚህ እዚህ ያ ቁጥር 67.6 ሳይሆን 51 ሊትር ገደማ ነው። ጂቡቲ ወደብ ላይ 67 ሊትር የነበረው ስፒከር በጭነት መኪና አዳማን አልፎ እዚህ ሲደርስ 51 ሊትር ይሆናል፤ ማንም ሳይነካው።

ልጁ አላመነኝም፤ ባለማመኑም ደስ አለኝ። ቤት ውስጥ በትክክል 40 ሊትር የሚይዝ፣ ለሙከራ የሠራሁት ድፍን ሳጥን አለ። የባሕር ወለሉ ቀመር እውነት ከሆነ ስፒከሩ እዚያ ውስጥ ሲገባ ተራራው ወደ 62 ኸርዝ መውጣት አለበት። የአዲስ አበባው እውነት ከሆነ 57 ላይ ይቆማል። ዙሪያውን በጎማ አፍነን፣ አጥብቀን፣ ለካን። 57። ልጁ ሁለት ጊዜ ደግሞ ለካው። ከዚያ ሞባይሉን አስቀምጦ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ፤ አየሩን የሚያይ ይመስል።

ይህ በጥሩ ፋብሪካ ለተሠራ፣ ሙሉ ወረቀት ላለው ስፒከርም ይሠራል። ወረቀቱ ላይ ያለው ሊትር አልዋሸም፤ የተጻፈው ግን ለሌላ ቦታ ነው። በእኛ ከፍታ ላይ በአራት አካፍላችሁ ሦስቱን ውሰዱ። ደብረ ብርሃን ከሆናችሁ ከዚያም ትንሽ ዝቅ አድርጉ። በነገራችን ላይ ቀዳዳ ላለው ሳጥን የቱቦው ርዝመት ሒሳብ አይቀየርም፤ እሱ የሚመካው በድምፅ ፍጥነት ነው፣ የድምፅ ፍጥነት ደግሞ በሙቀት እንጂ በግፊት አይለወጥም። የድምፁ ጉልበት ግን ይቀንሳል፤ ኮኑ እኩል ቢንቀሳቀስም ቀጭን አየር የሚገፋ ስለሆነ ከባሕር ወለል ይልቅ ወደ 2 ዴሲቤል ያነሰ ነው የምንሰማው።

ለልጁ ይህ ሁሉ ወደ ገንዘብ ይተረጎማል። የ0.63 ስፒከር ድፍን ሳጥን ውስጥ ገብቶ በመጠኑ ሞቅ ያለ ድምፅ እንዲሰጥ (ለሠርግ ስለሆነ 0.9ን መረጥን፤ ለቤት ቢሆን ዝቅ እል ነበር) በባሕር ወለል ቀመር 66 ሊትር ሳጥን ያስፈልግ ነበር። በአዲስ አበባ አየር 50 ሊትር ይበቃል። 16 ሊትር በአራት ሳጥን ሲባዛ ስንት ቺፑድ፣ ስንት ኪሎ፣ በላዳ ጣሪያ ላይ ስንት ጉዞ እንደሚቀንስ አስቡት። ሲሸከም የሚውለው እሱ ነው።

አሁን ወደ 1200 ዋቱ ልመለስ። ኮይሉ 3.4 ኦም ነው። በእሱ ውስጥ 1200 ዋት ለማሳለፍ 64 ቮልት ገደማ እና 19 አምፔር ያህል ያስፈልጋል። 1200 ዋት የአንድ ዓይን የኤሌክትሪክ ምድጃ ኃይል ነው። ያንን በወረቀት ቱቦ ላይ በተጠቀለለ ቀጭን ሽቦ ውስጥ አሳልፉት። ምክንያቱም ስፒከር ከሚወስደው ኃይል ውስጥ ድምፅ የሚሆነው እጅግ ጥቂቱ ነው፤ ከለካናቸው ቁጥሮች ስናሰላው የኛው በአዲስ አበባ ከ100 ዋት ውስጥ ግማሽ ዋት እንኳን ድምፅ አድርጎ አያወጣም። ቀሪው ሙቀት ነው። ዋቱ ራሱ ስለ ጩኸት አይናገርም፤ ቢበዛ ሳይቃጠል ስንት ሙቀት እንደሚችል ነው የሚናገረው። ያንን እንኳ በእውነት ከተናገረ ነው።

አምፕሊፋየር ስትገዙም አንድ ነገር ልንገራችሁ። ስቲከሩን ተዉትና ፊውዙን እዩ። የመኪና አምፕሊፋየር 20 አምፔር ፊውዝ ካለው፣ 14 ቮልት ላይ ሊስበው የሚችለው 280 ዋት ነው፤ ከዚያም ውስጥ ከፊሉ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ላዩ ላይ «3000 ዋት» ከተጻፈ 3000ውን የጻፈው ሰውና ፊውዙን የመረጠው ሰው አልተነጋገሩም። እኔ ፊውዝ የመረጠውን አምናለሁ፤ እሱ ከተሳሳተ ዕቃው ይቃጠላልና።

ይህ የእኛ ብቻ በሽታ እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካም በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መጀመሪያ አምፕሊፋየር ሻጮች ዋቱን እንደፈለጉ ይቆልሉት ነበር። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽኑ በ1974 ለቤት አምፕሊፋየሮች ደንብ አወጣ፤ ዋት ብለህ ከጻፍክ በስንት ኦም፣ ከየትኛው እስከ የትኛው ፍሪኩዌንሲ፣ በስንት መዛባት እንደለካኸው ጻፍ አለ። ደንቡ ዋትን አልከለከለም፣ ዋጋም አልተመነም። እንዴት እንደለካህ ተናገር ነው ያለው። እኛም ጋ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አለ፤ አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ግን አሳሳች መሆኑን ማን ለክቶ ያረጋግጣል? ሰው «ተታለልኩ» ብሎ ቢሄድ በእጁ ያለው ስሜት ብቻ ነው፤ ስሜት ደግሞ ከስቲከር ጋር ሲከራከር ይሸነፋል። በየወረዳው ያለ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ይህን ልኬት በአንድ ከሰዓት በኋላ ትምህርት ሊያስተምር ይችላል ባይ ነኝ። የሚያስፈልገው ዕቃ ብዙዎቹ ጋ አሁንም አለ።

አራቱን ስፒከሮች በሙሉ ለካን። ሦስቱ ተቀራራቢ ናቸው፤ 37፣ 38 እና 39 ኸርዝ። አራተኛው 52 ኸርዝ ሆነ፣ ያ ዋናው ቁጥርም 0.63 መሆኑ ቀርቶ 0.9 ገባ። ስቲከሩ አንድ፣ ቀለሙ አንድ፣ ክፈፉ አንድ፤ ውስጡ ግን ሌላ ስፒከር ነው። ማግኔቱን በእጅ ስትመዝኑት እንኳ ይቀላል፤ ግን ማን ይመዝናል? እኩል 50 ሊትር ሳጥን ውስጥ ከሦስቱ ጋር ቢቀመጥ በአንድ በኩል የሚጎተት ድምፅ ይሰጥ ነበር፤ ልጁም አምፕሊፋየሩን፣ ገመዱን፣ ዲጄውን ሲጠረጥር ይከርም ነበር።

ሰኞ ዕለት አራተኛውን ከነወረቀቱ ይዞ ወደ ሻጩ ሄደ። እኔም አብሬው ሄድኩ፤ ሱቁን አልጠራም። ሻጩ መጀመሪያ ተቆጣ። «እኔ ፋብሪካ ነኝ እንዴ? እንደመጣልኝ ነው የምሸጠው» አለ፤ እውነቱን ነው። እሱም የገዛው ስቲከሩን አምኖ ነው፤ ለእሱ የሸጠው አስመጪም ምናልባት እንደዚያው። ልጁ አልጮኸም። ቴስተሩን፣ ሞባይሉንና ትንሿን አምፕሊፋየር ከቦርሳው አውጥቶ «ጋሽዬ፣ መደርደሪያው ላይ ካሉት አንዱን ያውርዱልኝ» አለው። ከጎረቤት ሱቅ ሰው መጣ። አንዱ ሳይሆን አምስቱ ወረዱ። ከአምስቱ ሁለቱ ብቻ ከሦስቱ የልጁ ስፒከሮች ጋር ተቀራረቡ፤ ከሁለቱ አንዱን ሰጠው፣ ምንም ሳያስጨምር።

ነገሩ እዚያ ላይ አላቆመም። ልንወጣ ስንል ሻጩ ልጁን ጠራውና ሱቁ ውስጥ ያለውን በሙሉ ለመለካት ስንት እንደሚያስከፍለው ጠየቀው። ልጁ እኔን አየኝ። በአንድ ስፒከር ይሁን፣ ቁጥሩም በማርከር ማግኔቱ ላይ ይጻፍ አልኩ። ሻጩ በዋጋው ብዙም አልተከራከረም፤ የተከራከረው በማርከሩ ነው። በጥሩዎቹ ላይ ብቻ ይጻፍ፣ በሌሎቹ ላይ ስቲከሩ ይበቃል ይላል። ልጁ ደግሞ ወይ ሁሉም ላይ፣ ወይ አንዱም ላይ ብሏል። ይህን ስጽፍ ገና አልተስማሙም፤ ሳጥኖቹ ግን ተቆርጠዋል። አራቱም 50 ሊትር፣ ድፍን፣ ያለ ቀዳዳ። አናጢው ገንዘቡን ተቀብሏል፤ ባለፈ ባገደመ ቁጥር ግን አሁንም ራሱን ይነቀንቃል።